እህቴ የመሰከረችበት ቀን

የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ካምፓችን የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ሌሎቹ ሴቶች ገና ፍራሻቸው ላይ እንደተጋደሙ፣ እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ ውሃ ስትጠጣ አየኋት። ከጀሪካኑ ትቀዳለች፣ ትጨልጣለች፣ መልሳ ትቀዳለች። የተኛንበት ክፍል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማሪያ ነበር። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን፣ ሲሚንቶው ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነው የሰነበትነው።

«ምነው በጠዋቱ?» አልኳት።

«ትናንት ስዘምር ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» አለችና ፈገግ አለችልኝ።

ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ፊቷ ግን እንደዚያ ቀን ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሁላችንም ስንጮህ፣ ስንጾምና ስናለቅስ የሰነበትን ሰዎች ስለነበርን ያልደከመ ፊት፣ ያልሻከረ ድምፅ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን አልፌው ልብሴን መጠቅለል ጀመርኩ።

እህቴ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስኳር አለባት። በስተርጅና የሚመጣው ዓይነት ሳይሆን በልጅነቷ የያዛት፣ ያለ ኢንሱሊን መርፌ የማይዋልበት ዓይነት ነው። እናታችን ጭሮ ውስጥ ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችን፤ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ቤታችን ፍሪጅ ስለሌለ ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ የሞላበት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ነው። ካምፑ ሲታወጅ እናታችን «እሷ አትሄድም» ብላ ቁርጥ አደረገች። እህቴ ሳምንቱን ሙሉ ለመነቻት። በመጨረሻ እኔ አብሬያት እንድሄድ፣ ማሰሮውም አብሮን እንዲሄድ ተስማማን። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ደስ አለኝ።

ካምፑ ከበደሳ ወጣ ብላ፣ ቡናና ጫት በለበሱ ተራሮች መሃል ባለች አንዲት የገጠር ከተማ ነበር። ወጣቶቹ ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከሚኤሶ፣ ከአሰቦት፣ ከገለምሶ፣ ከመቻራ የመጣን ነን። በየከተማችን ጥቂት ነን። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹ ሁሉ ተሰብስበው አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞሉም። ካምፕ ላይ ግን አዳራሽ እንሞላለን። የገዛ ድምፃችንን በዚያ ብዛት ስንሰማ ራሳችንን የምንስት ይመስለኛል። እህቴ ደግሞ በሕይወቷ ከእናታችን ተለይታ ስታድር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሊያስተምረን የመጣው ፓስተር ከአዳማ ነው። ፀጉሩ ወደ ሽበት ያደላ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲናገር የማይጮህ ሰው። ከመጨረሻው ቀን ሁለት ማታ ቀደም ብሎ፣ ለታመሙ ሊጸልይ ወደ ፊት ጠራ። እህቴ ወጣች። እጁን ሲጭንባት ተንበርክካ አለቀሰች፣ ስትመለስም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋትና ማታ እንደ ልማዷ የመርፌ ቦርሳዋን ይዛ ከክፍሉ ጀርባ ስትሄድ አየኋት። ሰው ፊት መወጋት አትወድም። ተመልሳም ቦርሳዋን ቦታው አደረገች።

ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አድሮ ነበር። ከጭሮ ሁለት አውቶቡሶች እኩለ ቀን ላይ መጥተው እንዲወስዱን ተነጋግረናል። ጊቢው ውስጥ የመጨረሻ ቀን ግርግር አለ። አንዱ የሌላውን ስልክ ይመዘግባል፤ ሴቶቹ ቲሸርታቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጻጻፋሉ፤ ወጥ ቤት አካባቢ ለመሰናበቻው ምሳ ፍየል ታርዶ ሥጋ ይከተፋል። ከምሳ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ፕሮግራም የምስክርነት ነበረች። የፈለገ ወጥቶ እግዚአብሔር በካምፑ ያደረገለትን ይናገራል።

የሚኤሶ ልጅ ከአባቱ ጋር ሊታረቅ መወሰኑን ተናገረ። የገለምሶዋ ልጅ እያለቀሰች ምንም ሳትናገር ተመለሰች። ቀጥሎ እህቴ ከአጠገቤ ተነሳች። ስትራመድ ትንሽ የተንገዳገደች መሰለኝ። ማይኩን ይዛ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ያ ትንፋሽ ነው መጀመሪያ ያስደነገጠኝ። ሮጦ እንደመጣ ሰው ከሆዷ ነበር የምትተነፍሰው።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የስኳር በሽተኛ ነበርኩ» አለች። «ነበርኩ» የምትለውን ቃል ጫን አድርጋ ነው ያለቻት። «ያን ማታ ጌታ ፈወሰኝ። ከዚያ ማታ ወዲህ አንድም መርፌ አልተወጋሁም። መድኃኒቱን ሽንት ቤት ደፍቼዋለሁ። ይኸው በፊታችሁ ቆሜያለሁ!»

አዳራሹ ተነሳ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ከበሮው አንድ ላይ ፈነዳ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አቅፋኝ ትዘላለች፤ «እህትሽ እኮ ናት! እህትሽ እኮ ናት!» ትላለች። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያጨበጭበው እህቴ እየሞተች ስለሆነ ነው፤ ይህን የማውቀው ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። መጮህ ፈለግሁ። ብጮህም እንደ ሌላው የደስታ ጩኸት ነበር የሚመስለው።

ሮጬ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። የቦርሳዋ መርፌዎች አንዳቸውም ሳይከፈቱ እንደታሸጉ ተቀምጠዋል። ማሰሮው ውስጥ እጄን ከትቼ አሸዋውን እስከ ታች በረበርኩት። የኢንሱሊኑ ብልቃጦች የሉም። ያን ሁሉ ጊዜ ከክፍሉ ጀርባ የምትሄደው እኔ እንድረጋጋ ብላ ነበር።

ስመለስ አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታስመልሳለች። ሁለት ሴቶች ትከሻዋን ይዘዋል። ጎንበስ ስል ትንፋሿ ሸተተኝ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ። ትንሽ ልጅ ሆና በሽታው መጀመሪያ የታወቀላት ጊዜም እንዲሁ ነበር የሸተተችው።

«ምንድነው ያደረግሽው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እባክሽ አትጠራጠሪ» አለች። ዓይኖቿ ሊከደኑ ይታገሏታል። «አንቺ ከተጠራጠርሽ ነው የሚመለስብኝ።»

ከዚያ ጎኗን ደረጃው ላይ አጋደመች፣ ጠርቻትም በቅጡ አልመለሰችልኝም።

በቅጽበት ሰው ከበበን። አንዷ «ጠላት ምስክርነቷን ሊሰርቅ ነው!» ብላ ጮኸች። እጆች ተዘረጉ፣ ሁሉም በየአፉ መጸለይና መገሠጽ ጀመረ። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፤ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። እኔ ግን በእጆቹ መሃል እየተጋፋሁ «መኪና! መኪና ፈልጉ!» እያልኩ ነበር። ድምፄ ከጸሎቱ በላይ አልወጣ አለ።

ፓስተሩ ሕዝቡን ገፍቶ መጣ። አጠገቤ ተንበረከከ።

«ምን ዓይነት ስኳር ነው ያለባት?» አለኝ።

«በመርፌ የሚኖሩበት ነው ፓስተር። ኢንሱሊን ካላገኘች ትሞታለች።»

«የታለ መድኃኒቱ?»

«ሽንት ቤት ደፍታዋለች እኮ! አሁን ሲጨበጨብላት አልሰሙም?»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ «እኔ ጣሉ አላልኩም» ያለ መሰለኝ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወረወረና «አሸክሙኝ!» አለ። ትልልቆቹ ወንዶች «እኛ እንያዛት» ቢሉትም አልሰማቸውም። ጀርባው ላይ አዝሎ በጭቃው ውስጥ መሮጥ ጀመረ።

የወጣቶቹ መሪ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ከኋላችን ይሮጣል። አውቶቡሶቹ ከጭሮ አልተነሱም። ሹፌሮቹ መንገዱ ጠፈፍ ካላለ አንገባም ብለዋል። ከተማዋ ውስጥ ያሉት አንድ ሁለት መኪኖች ጠዋት ገበያ ወጥተዋል። የከተማዋ መሃል መንገድ ላይ ስንደርስ ያገኘነው ጫት አድርሶ ሊመለስ ሞተር ሳይክሉን የሚያስነሳ አንድ ጎልማሳ ሰው ብቻ ነበር። ፓስተሩ መናገር አቅቶት እህቴን በጣቱ አሳየው። ሰውየው የእህቴን ፊት አየ።

«አንቺ ከኋላ ትሆኛለሽ» አለኝ። «እሷን መሃል እናድርጋት። ጋቢ አምጡ።»

አንዱ ጋቢውን ሰጠ። እህቴን ከሞተረኛው ጀርባ ጋር አስጠግተው፣ እኔን ከኋላዋ አድርገው ሦስታችንንም አንድ ላይ አሰሩን። ስንነሳ ዞር ብዬ አየሁ። ፓስተሩ በነጭ ሸሚዙ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፤ እጆቹ አሁንም የሆነ ነገር እንዳዘለ ወደ ኋላ ታጥፈው ነበር።

መንገዱን መንገድ ለማለት ይከብዳል። ቀይ ጭቃ ነው። ጎማው በተንሸራተተ ቁጥር የእህቴ ራስ ከሞተረኛው ጀርባ ወደ ትከሻው ይወድቃል፣ እኔ በግንባሬ ገፍቼ እመልሰዋለሁ። ጃኬቱ ላይ አስመለሰችበት። «ይቅርታ» አልኩት። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለኝ ሳይዞር። እሷ አንድ ጊዜ «ውሃ» አለች፤ ከዚያ ምንም አላለችም። ድምፅ የነበረው ትንፋሿ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ ረጅምና ጥልቅ ነበር። የሚቀጥለው እስኪመጣ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ እምቢ አለ። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ሞተረኛው ጋቢውን ፈታ፣ እህቴን አዝሎ እስከ ዳገቱ አናት አወጣትና ማሽላ እርሻ ዳር፣ ሣር ላይ አስተኛት። «ሞተሩን ላምጣ» ብሎ ወረደ።

ያኔ ብቻችንን ቀረን። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሟን ጠራሁት። አልመለሰችም። የዓይኗን ቆብ ገለጥ ሳደርገው ነጩ ብቻ ታየኝ። ልጸልይ ፈለግሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጸሎት አፌን ሞልቶት ነበርና። ግን አንድ ቃል አልመጣ አለ። «ጌታ ሆይ» ብዬ ጀመርኩና የአዳራሹ እልልታ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። በዕድሜዬ እንደዚያ ባዶ የሆነ ነገር ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ሰማዩም፣ ተራራውም፣ እኔም የሌለን ያህል ነበርን።

አንዲት ሴትዮ ከማሽላው መሃል ወጥታ መጣች። «ማል ታቴ?» አለችኝ፤ ምን ሆና ነው ማለቷ ነው። ኦሮምኛ እችላለሁ፤ በጭሮ ሰፈራችን ተጫውተን ያደግነው በሁለቱም ነው። ያን ጊዜ ግን በየትኛውም ቋንቋ መልስ አጣሁ። ሴትዮዋ የለበሰችውን ላስቲክ አውልቃ እህቴን አለበሰቻትና እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ማሸት ጀመረች። ሞተረኛው እስኪመጣ አልተወቻትም።

ዋናው የበደሳ መንገድ ዳር ያለ ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ የእህቴን ጣት ወግታ ማሽኑ ላይ አደረገች። ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። «ከሚለካው በላይ ነው» አለችኝ። ኢንሱሊን እነሱ ዘንድ አልነበረም። እየተጣደፈች የክንዷን ደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ የሌለበት የጨው ውሃ ሰካችላት። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት እናት ይዞ ሄዷል።

«ሲመለስ አትጠብቁ» አለችኝ። «የትም ሳትቆሙ ቀጥታ ጭሮ ሆስፒታል ውሰዷት። የውሃውን ቦርሳ ከፍ አድርገሽ ያዢ፣ ዝቅ ካለ ደም ይመለሳል።»

ሞተረኛው መንገዱ መሃል ገብቶ ቆመ። በዚያ መንገድ ጫት የጫነ ፒክአፕ ለማንም አይቆምም። ጫት እየጠወለገ ነው የሚሄደው፣ ሰዓት ካለፈው ከሣር እኩል ነው። መጀመሪያ የመጣው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። ሞተረኛው አልተነቃነቀም። መኪናው ተንሸራቶ እግሩ ሥር ቆመ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ተሳደበ። ሞተረኛው በኦሮምኛ «ልጅቷ ልትሞት ነው፤ ከፈለግህ በእኔ ላይ ሂድ» አለው። ሹፌሩ ወደ ጤና ጣቢያው በር አየ። እህቴን በቃሬዛ ይዘን ቆመናል። ረዳቱን «ውረድ፣ ከኋላ ውጣ!» ብሎ ጮኸበት።

ጋቢናው ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኛኋት፣ በአንድ እጄ ቦርሳውን ጣሪያው ድረስ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። የጫት ሹፌሮችን የማይረግም የመንገድ ዳር ሰው የለም። እናታችን ራሷ ሲያልፉ «በኢየሱስ ስም» ትላለች፣ ፍጥነታቸው ያስፈራል። ያን ቀን እኔ ሹፌሩን «ፍጠን፣ በናትህ ፍጠን» ስለው ነበር። በደሳን እንዴት እንዳለፍን አላየሁም። ክንዴ ዛለ፤ ከዚያ የእኔ መሆኑን ረሳሁት። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አንገቷን ነካ ያደርግና «አለች» ይለኛል። ትንሽ ሄዶ እንደገና ይነካና «አለች፣ አልሃምዱሊላህ» ይለኛል። ጭሮ የሚታይበት ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ሦስተኛ ጊዜ ነካትና ምንም አላለም። ነዳጁን ብቻ ረገጠ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀበሏት፤ በሩን ዘጉብኝ። እናታችን መጣች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ምን እንደተፈጠረ ነግሬያት ስጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሜትሩን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ወጣቱ ሐኪም ወጥቶ ደሟ ወደ አሲድነት መለወጡን፣ ኩላሊቷም መጎዳት መጀመሩን ነገረን።

«ትድናለች?» አለችው እናታችን።

«የምንችለውን ሁሉ እያደረግን ነው እናቴ። ቃል መግባት ግን አልችልም።»

ስላደርንበት ሌሊት ብዙ የምለው የለኝም። በማግስቱ ጠዋት ፓስተሩ መጣ። መንገዱን በእግሩም በሞተርም እንዳቋረጠው ያስታውቃል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እናታችን ፊት ቆመ።

«ልጄን ምን አሏት?» አለችው እናታችን። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«እግዚአብሔር ይፈውሳል አልኳቸው።»

«ይሄንማ እኔም እላታለሁ። ሌላስ ምን አሏት?»

«የተደገፋችሁበትን ሁሉ ዛሬ ጣሉት አልኩ። ስለ ኃጢአት ነበር የማወራው፣ ስለ ዓለም…»

«አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው» አለችውና ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። እሱም አልሄደም። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሰዎች ምግብ ሲያመጡልን ለእሱ የሚሰጠው አልነበረም። ወደ ማታ እናታችን የራሷን ሻይ ወደ እሱ ገፋችለት።

እህቴ የነቃችው በነጋታው ነው። እኔ ነበርኩ አጠገቧ። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ክንዷ ላይ የተሰካውን ቱቦ አየች። እየተከተለችው እስከ ቦርሳው ድረስ በዓይኗ ሄደች።

«ኢንሱሊን አለበት?» አለችኝ።

«አዎ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። እኔ እየሳቅሁና እየጮህኩ እናቴን ልጠራ ተነስቼ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ።

«ለምን አመጣሽኝ?» አለችኝ። «ትንሽ ብትታገሺኝ ኖሮ…»

እኔ ያንን ሁሉ መንገድ እንድትኖር ብዬ ነበር የመጣሁት። እሷ ደግሞ ፈውሷን የሰረቅኋት ሆኖ ተሰማት። እናታችን ገብታ ስትስማት፣ ስታለቅስባት እንደ እንጨት ሆነች።

ቱቦው ተነቅሎ እንደ በፊቱ በመርፌ መወጋት ስትጀምር እምቢ አለች። ነርሷ መጣች፤ እህቴ ክንዷን ሰበሰበች። ሐኪሙ መጣ፤ ፊቷን አዞረች። እናታችን አልጋው ሥር ተንበርክካ እግሯን ስትስም እኔ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ። «እኔን ግደይኝ መጀመሪያ፣ እኔን» ስትላት በበሩ በኩል ይሰማኛል። ከሞት አውጥተናት ተመልሳ በገዛ ፈቃዷ ልትሄድብን ነው። ከመንገዱ ይልቅ ያ ቀን ይብስ ነበር። መንገዱ ላይ ቢያንስ የሚሮጡበት አቅጣጫ ነበረ።

ፓስተሩ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ሰማ። ሳያስፈቅድ ገባና አልጋዋ አጠገብ ቆመ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። እጁን ኪሱ ከትቶ ክኒን ያለበት ብልጭልጭ ማሸጊያ አወጣ፤ ግማሹ ተበልቷል። ብርድ ልብሷ ላይ አስቀመጠው።

«የደም ግፊት አለብኝ» አላት። «በየቀኑ እወስዳለሁ። ያን ማታ ልጸልይልሽ ከመውጣቴ በፊትም ወስጃለሁ።»

እህቴ ማሸጊያውን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቁጣ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለችው።

አልጋው ብረት ላይ እጁን አሳረፈ።

«ፈራሁ» አለ። «እምነት የለውም ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ አልልዎትም ነበር» አለችው።

እሱም አለቀሰ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከዚያ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና «አምጪው» አለቻት በሩ ላይ የቆመችውን ነርስ። መርፌውን ራሷ ሞላች፣ ልብሷን ገልጣ ሆዷ ላይ ወጋች። በእምነት ይሁን፣ በድካም ይሁን፣ ለእናታችን አዝና ይሁን ያኔ አላወቅሁም፤ ጠይቄያትም አላውቅም። እናታችን ግን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ለመነሳትም ደገፍናት።

ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ እህቴ ብዙ ጊዜ አላናገረችኝም። አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን እንደ ተከራይ ሆንን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ስሄድ መናኸሪያ አልሸኘችኝም። ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ደውላ ስለ ሰፋችው የመጀመሪያ ቀሚስ የነገረችኝ። ዛሬ ከእናታችን ጋር ጭሮ ውስጥ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ኢንሱሊን አንዳንዴ ከከተማው ይጠፋል፤ ያኔ ድሬዳዋ ድረስ በስልክ እንለምናለን፣ በሚመጣ ሰው እናስመጣለን። እስኪደርስ ድረስ እናቴ የስፌት መኪናዋን ማስኬድ አትችልም። ፓስተሩ በበዓል በበዓል ይደውላል። መጀመሪያ እናቴ አታነሳም ነበር። አሁን ታነሳለች፣ ታሳጥርና ለእህቴ ትሰጣታለች። እህቴ ደህንነቱን ትጠይቀዋለች፣ ክኒኑን መውሰዱንም ትጠይቀዋለች።

ባለፈው ክረምት ቤት ሄጄ ሳለ፣ ጨርቅ እየቆረጠች ያን ጊዜ እንዴት እንዳመነች ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«የካምፑ ልጆች ከተጸለየልኝ በማግስቱ ከሰዓት ለስላሳ ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር» አለችኝ። «አንዷ እንደ ማንም ሰው አንድ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ‹አልችልም› አላልኩም። ጠጣሁት። ከዚያ ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ስስቅ ዋልኩ። ማንም ‹በላሽ ወይ፣ ተወጋሽ ወይ› አላለኝም። እንደዚያ ሆኜ ብሞት እንኳ ግድ አልነበረኝም።»

መቀሱን አስቀምጣ የቆረጠችውን እጅጌ በብርሃን አየችው።

«አንቺ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሆንሽ አታውቂውም» አለችኝ፣ ያለ ቁጣ። እኔም አላወቅሁትምና ሌላውን እጅጌ አቀበልኳት።